ባዶ የመጣው ፒካፕ

ወንድሜ ሾፌር ነበር፤ መኪና ግን አልነበረውም። እንዲህ ስል ሰው የድርጅት ሾፌር ይመስለዋል። አልነበረም። ለማንም አልተቀጠረም። ሥራው የሰው መኪና ማድረስ ነበር። በዚያን ጊዜ ከዲላም ከይርጋ ጨፌም ቡና የቀናው ነጋዴ አዲስ አበባ ሄዶ መኪና ይገዛል፤ መንዳት ግን አይችልም፣ ወይም ያን ሁሉ መንገድ አይደፍርም። ስለዚህ እሱ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ይመለስና ወንድሜን ይልካል። ወንድሜም በአውቶቡስ ይወጣል፣ መኪናውን ከሻጩ ግቢ ይረከባል፣ በሁለት ቀን አምጥቶ ቁልፉን በባለቤቱ እጅ ያኖራል። በቃ። ሌላ ሰው እስኪልክበት ድረስ ቤት ይቀመጣል።

የከተማው ሰው ይቀልድበት ነበር።

"ከዲላ ሀብታም ማን ይበልጠዋል? በየወሩ አዲስ መኪና ይዞ የሚገባ እሱ ብቻ ነው" ይሉታል።

"አዎ፣ ቤቴ የምደርሰው ግን በእግሬ ነው" ይላቸዋል።

በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ደረጃ እስክጨርስ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዲላ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እናታችን ወደ ቡሌ በሚወስደው ዳገት፣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ በአባታችን ቦታ ቀርታለች። ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ከየት እንደምጀምር ግን አላወቅሁም፤ ከሥራው ጀመርኩ።

ሥራው ሕግ ነበረው። ማንም የጻፈው አይደለም፣ እሱ ራሱ ያወጣው ነው። አዲስ መኪና ሮዳጅ ላይ ነውና ሞተሩ እስኪለምድ ድረስ አይሮጥም፤ በየሰዓቱ ቆሞ ይበርዳል። የመቀመጫው ላስቲክ አይነሳም። እሱ ራሱ የሚቀመጠው ከቤት ይዞት በሚሄድ አሮጌ ነጠላ ላይ ነው። ኮረኮንች ላይ ከጭነት መኪና ኋላ አይነዳም፤ ጠጠር መስታወት ይሰብራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው አይጭንም፣ ዕቃም አይጭንም። አዲስ መኪና ባለቤቱ ቤት ገብቶ፣ በግ ታርዶ፣ ካህን ጠበል ረጭቶበት ወይም ሽማግሌ መርቆት ነው የመጀመሪያውን ሰው የሚያስገባው። ከዚያ በፊት ማን እንደገባበት፣ ምን እንደተጫነበት ነጋዴው ይጠይቃል። ገድ ይላሉ። ወንድሜ በገድ ያምን እንደሆነ አላውቅም። "እኔ ባላምን ምን ዋጋ አለው? የሚያምነው ገንዘቡን ያወጣው ሰው ነው" ይል ነበር።

አንድ ጊዜ አዲስ መኪና ይዞ ወደ ዲላ ሲገባ እናታችንን መንገድ ላይ አገኛት። ከሌላ ሰፈር ገበያ በዲላ በኩል ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው፣ ጀርባዋ ላይ ሸክም አለ። አቆመ፣ ወረደ፣ ጉልበቷን ሳመ፣ ሸክሟን አውርዶ እንደገና አስተካክሎ አሰረላት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። እሷ በእግሯ ከተማ ስትደርስ እሱ ቁልፉን አስረክቦ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ያን ጊዜ ሸክሙን ተቀበላት። ይህን ታሪክ እናቴ ራሷ ናት እየሳቀች የምታወራው። "ልጄ መኪና ይዞ፣ እንደምን ዋልሽ ብሎኝ አለፈ" ትላለች። ጎረቤት "አላፈረም?" ሲላት "የሰው ዕቃ ነዋ" ትላለች።

ወንድሜ የሞተው አንድ የቡና ነጋዴ የገዛውን ፒካፕ ሲያመጣ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከስልክ ቤት ሰው መጣ። ወንድምህ ሻሸመኔ አልጋ ቤት ውስጥ ታሞ ተኝቷል፣ ድረስ ተብሏል አለኝ። የገበያ ቀን ስለነበር እናቴ ዲላ ነበረች። አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። ክንዴን ይዛ "ይዘኸው ና። ብቻውን እንዳይመጣ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

አልጋ ቤቱ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ፒካፑን ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር፤ ወንድሜ ሞተሩ ላይ ሸራ አልብሶታል። የአልጋ ቤቱ ባለቤት፣ ጎልማሳ ሴት ናቸው፣ እየመሩ ወሰዱኝ።

"መኪናውን አቆመ፣ የግቢውን በር ራሱ ዘጋ፣ ከዚያ እዚህ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። መነሳት አቃተው" አሉኝ። "ድሬሰር አስጠርቼ መርፌ ወግቶታል። ወባ ነው አለ። ግን ዘግይቷል መሰለኝ፣ ልጄ።"

ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

"ተማሪው፣ ትምህርት ትተህ መጣህ?"

"ጨርሻለሁ እኮ፣ ጋሼ።"

"እ... ረሳሁት።" ትንሽ ቆይቶ "መንገዱ ዝናብ አለው?" አለ።

"የለውም። ደረቅ ነው።"

"እንግዲያው ነገ መሄድ ይቻላል። ሰውዬው ይጠብቃል።" እጁን ከትራሱ ሥር አስገባና ቁልፉን አውጥቶ ሰጠኝ። ሌላ ነገር የሚለኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። እንቅልፍ ወሰደው። ጎህ ሲቀድ ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ያን ጠዋት ግን ያሰብኩት ጥቂት ነው።

የወንድሜ ጓደኛ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ቆርቆሮና ሳሙና ጭኖ ወደ ዲላ ሲወርድ ሻሸመኔ አድሮ ነበር። ሰምቶ መጣ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እሑድ እሑድ በዲላ ገበያ ሜዳ ላይ በራሱ መኪና። መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም። ቆሞ አለቀሰና ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

"ፒካፑ አለ አይደል? ኋላው ሰፊ ነው። አንጥፈን እናስተኛው፣ አንተ ንዳ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እመጣለሁ" አለኝ።

"አይሆንም።"

"ምን ማለት ነው አይሆንም?"

"ገና ቤት አልገባም። አልተመረቀም። ሰውየው የመጀመሪያ ጭነቱ ሬሳ ነው ሲባል ምን ይላል?"

"ታዲያ ጠይቀው። ስልክ ቤት አሁን ይከፈታል። ደውልና ጠይቀው።"

"ከጠየቅሁት እምቢ አይለኝም።"

"እና? እምቢ ካላለህ ምን ቸገረህ?"

"እሱ ነው የቸገረኝ። በዚህ ቀን እምቢ ማለት አይችልም። ሳይወድ እሺ ይለኛል።"

ሾፌሩ ትክ ብሎ አየኝ። "አይ ተማሪ!" አለ። "ቁርጥ እሱን!" ከዚያ በላይ አልተከራከረኝም።

ሴትዮዋ ሌላ መላ አመጡ። "መኪናው እዚሁ ይቆይ፣ ልጄ። ማንም አይነካብህም። አንተ ከወንድምህ ጋር ውጣ። ከቀብር በኋላ መጥተህ ትወስደዋለህ" አሉኝ። ይህ ትክክል ነበር። ዛሬ ሳስበው ትክክሉ ይህ ነበር። ግን ወንድሜ የተረከበውን መኪና በሰው እጅ ትቶ ሄዶ አያውቅም፣ ነጋዴውም ሁለት ቀን ጠብቋል፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር። ደግሞ የማንለያይ መስሎኝ ነው። እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እኩል የምንገባ መሰለኝ።

ሴትዮዋ አዲስ ሰሌን ሰጡን። በጋቢ ጠቅልለን፣ በሰሌኑ አድርገን አሰርነው። ቆርቆሮው ላይ የሳሙናውን ካርቶን ደልድለን ከላይ አስተኛነው። የሾፌሩ ረዳት ያን ሳምንት አልነበረም፤ ላይ ከሬሳው ጋር የሚቀመጥ ሰው የለም። ሾፌሩን "ከኋላህ ነኝ" አልኩት። ፒካፑ ውስጥ ስገባ የወንድሜ ነጠላ መቀመጫው ላይ ነበር። ላስቲኩ እንዳይነካ በነጠላው ላይ ተቀመጥኩ።

እስከ አዋሳ ድረስ አብረን ነበርን። ሰሌኑ ይታየኝ ነበር። ከአዋሳ ወዲህ ኮረኮንቹ ሲጀምር አቧራው ዋጠኝ፤ ጠጠርም ኮፈኑን መታ። ቆምኩ። ወርጄ መስታወቱን አየሁ፣ አልተነካም። አቧራው እስኪያርፍ ጠበቅሁ። እንደገና ስነሳ የጭነት መኪናው አይታይም ነበር። ለመድረስ ብዬ ፈጠን ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። እግሬ እንኳ በወንድሜ ሕግ ነበር የሚሄደው። ሰዓቱ ሲሞላ ቆሜ ሞተሩን አበረድኩ። በባዶ ሜዳ ላይ፣ የወንድሜ ሬሳ ከፊቴ እየሄደ፣ እኔ ሞተር እስኪበርድ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ኬላ ደረስኩ። ፖሊሱ መንጃ ፈቃድ ጠየቀኝ። የወንድሜን ሰጠሁት፤ ከሊብሬው ጋር አንድ ላይ ነበር።

"ይኼ አንተ ነህ?"

"ወንድሜ ነው።"

"አውቀዋለሁ። በየጊዜው አዲስ አዲስ መኪና ይዞ ያልፋል። እሱስ የት ሄደ?"

"ቅድም ባለፈው የጭነት መኪና ላይ ነው።"

"እኔ ተራ የገባሁት ገና አሁን ነው፤ አላየሁትም። እዚያ ምን ይሠራል? መኪናውን ፈቃድ ለሌለው ሰጥቶ፣ እሱ ጭነት ላይ ወጥቶ ይሄዳል?"

ሞቷል ማለት ነበረብኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቃሉን ለማንም አላልኩትም ነበር፤ ሻሸመኔ ያሉት በዓይናቸው ያዩ ናቸው፣ መናገር አላስፈለገኝም። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም። ፖሊሱ የናቅሁት መሰለው።

"ውረድ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥ። ምላስህ ሲፈታ ትጠራኛለህ።"

ተቀመጥኩ። ሌሎች መኪኖች መጡ፣ ተፈተሹ፣ ሄዱ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ በትክክል አላውቅም፤ ፀሐይዋ ከፊቴ ወደ አናቴ መጥታ ነበር። ፖሊሱ ምሳ ሊበላ ሲነሳ ተከትዬው ሄድኩና ከጀርባው ነገርኩት። ዞሮ አየኝ። ቆቡን አወለቀ።

"ምነው ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ሰዓት?" አለኝ። ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። "ሂድ። በእግዜር፣ ቀስ ብለህ ሂድ።"

ዲላ ስገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በቀጥታ ወደ ነጋዴው ግቢ ነዳሁ። ዘበኛው በሩን ከፈተልኝና መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው።

"ጋሼ የሉም። ቀብር ሄደዋል። ከተማው ሁሉ እዚያው ነው" አለ። ማን መሆኔን አላወቀም። "መኪና የሚያመጣው ሾፌር ነው የሞተው፣ ምስኪን። ታዲያ ይኼን ማን አስይዞ ላከህ?"

መኪናውን ጥላ ሥር አቆምኩ። ነጠላውን አነሳሁ። ቁልፉ ለባለቤቱ ብቻ ነው የሚሰጥ፤ ኪሴ ከተትኩትና ወደ ቡሌ መንገድ ወጣሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሰው ሲወርድ አገኘሁ። አንድ ሁለት ሆነው ነው የሚወርዱት፣ ጫማቸው በአፈር ቀልቷል። የሚያውቁኝ እየቆሙ አቅፈው ይስሙኛል፣ ያለቅሳሉ፣ ያልፋሉ። የት ነበርክ ያለኝ የለም። ነጋዴው በበቅሎ ላይ ሆኖ መጣ። ሲያየኝ ወረደ። አቀፈኝ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ቁልፉን አውጥቼ ዘረጋሁለት።

"ግቢዎ ውስጥ ነው። ምንም አልሆነም። ላስቲኩም አልተነሳም። ሰው አልገባበትም" አልኩት።

ቁልፉን አልተቀበለኝም።

"ወንድምህን በቆርቆሮ ላይ አምጥተው ሲያወርዱት ቆሜ ነበር" አለ። "መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ነበር። ለሰው ሁሉ እንደዚያ ስል ነው የዋልኩት።"

"አልተበላሸም።"

በቅሎው ሣር ሊግጥ ሲጎትተው ልጓሙን ለቀቀለት።

"እኔን ምን ዓይነት ሰው አድርገህ ነው ያሰብከኝ?" አለኝ።

ክፉ ሰው ነው ብዬ አልነበረም። ደግ ስለሆነ፣ እምቢ ስለማይል ነው። ይህን ልነግረው አልቻልኩም። ዛሬም ብሞክር በደንብ የምለው አይመስለኝም። ቁልፉን ከእጄ ወሰደና ቀሪውን መንገድ በበቅሎ እንድሄድ ለመነኝ። በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት።

ቤት ስደርስ የቀብሩ መዝሙር አልቋል፤ ሬሳ አይቆይም ብለው እኔን ሳይጠብቁ ቀብረውታል። አፈሩ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ከአባቴ አጠገብ፣ ገና እርጥብ ነበር። እዚያ ቆምኩ። ከዚያ ገባሁ።

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። በቀኟ፣ ወንድም ወይም ልጅ በሚቀመጥበት ቦታ፣ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው አቧራ ነው፣ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ማን እንደሆኑ ጎረቤት በጆሮዬ ነገረኝ። ከይርጋ ጨፌ ወዲያ፣ የባንኮ ጎቲቲ ገበሬ ናቸው፤ አዋሳ ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ የጭነት መኪናው ከእኔ ከተለየ በኋላ አሳፍሯቸዋል። ጋቢናው በሳሙና ካርቶን ሞልቶ ስለነበር ከላይ ወጡ። ሬሳው እንዳይንከባለል እስከ ዲላ ድረስ በሁለት እግራቸው መሐል ይዘውት መጡ። ዲላ ሲደርሱ መንገዳቸው ሌላ ነበር። አልሄዱም። ቃሬዛውን ከሚሸከሙት ጋር ተራ ገብተው ዳገቱን ወጡ።

ልጇ መሆኔን ሲሰሙ ከቦታቸው ተነሱ።

"ይቅር በለኝ፣ ልጄ" አሉኝ። "ብቻውን ባገኘው ጊዜ፣ ሰው የሌለው መስሎኝ ነው።"

እናቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘች።

"እርስዎ አይነሱ" አለቻቸው።

ሽማግሌው መልሰው ተቀመጡ። እኔም በሩ አጠገብ፣ ከጎረቤቶቹ ኋላ፣ ባገኘሁት ቦታ ተቀመጥኩ።