በድምፄ ና

ስለ እኔ ሌላ ሰው ቢናገር በወደድሁ፤ ነገር ግን የሚያውቁኝ አንድ በአንድ ስላለቁ እኔው ልናገር። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ከቁሐር ሚካኤል አጥር ማዶ የቆሎ ተማሪዎች ሲጮኹ እየሰማሁ፣ በግንብ ላይ በከሰል እየጫርሁ ራሴን አስተማርሁ። የውሃ መሳቢያ ሞተር መጀመሪያ ወደ ፎገራ ሲመጣ አንዱን ብቻዬን ፈትቼ ገጠምሁት፤ ሁለት ብሎን ተርፎኝም ሞተሩ ተነሣ። ከዚህ ሁሉ አብልጬ የምኮራው ግን በድምፄ ነው። ከወረታ እስከ ሐሙሲት ባለው ሜዳ የእኔን ያህል የሚሰማ ድምፅ አልተፈጠረም።

ትናንት ወረታ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ከጎኔ ካለው ጎረምሳ ስልክ ውስጥ ያ ድምፄ ሲጣራ ሰማሁ፦ «በድምፄ ና! በድምፄ ና!» ጎረምሳው ከጓደኞቹ ጋር ይንፈቀፈቃል። ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር የእርጥብ ጭቃና የበሰበሰ ደንገል ሽታ በበሩ ገባ፤ ሻዩን ሳልጨርስ ልጅነቴ ውስጥ ገባሁ።

ያኔ በሜዳችን ሩዝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከብትና ሣር፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ውሃ ብቻ ነበር። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ማሳው፣ መንገዱና ቦዩ አንድ ግራጫ ውሃ ይሆናሉ፤ ከገበያ ሲመለስ የመሸበት ሰው ደረቁን ከጥልቁ በዓይኑ መለየት አይችልም። ስለዚህ ባለበት ቆሞ «የምታሰሙ!» እያለ ይጣራል፤ የሰማው ቤት ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣና «በድምፄ ና!» ይለዋል፤ መንገደኛውም በጆሮው እየተመራ፣ በበትሩ ጭቃውን እየፈተሸ እደጃፉ ይደርሳል። ማሰማት እንለው ነበር። ማነህ ተብሎ አይጠየቅም። አባቴ በድንበር የከሰሰውን ሰው እንኳ አንድ ምሽት አሰምቶ አስገብቶታል፤ ሰውየው እግሩን ታጥቦ፣ በልቶ፣ አድሮ፣ ጧት ከአባቴ ጋር አብረው ወደ ክርክራቸው ሄዱ።

የቤታችን አሰሚ እኔ ነበርሁ። አባቴ ከደጃፉ ጉቶ ላይ ያቆመኝና «በል ልጄ፣ ልቀቀው!» ይለኛል፤ እኔም ስለቀው ውሾቹ ጆሯቸውን ጥለው ከጎተራው ሥር ይገባሉ። አንድ ክረምት የሸማኔው ልጅ ታረቀኝ ከአባቱ ጋር ድር ተሸክመው ሲመለሱ ውሃው መኻል ጠፉ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ተጣራሁ። በመጨረሻ ሸማኔው እስከ ደረቱ ረጥቦ፣ ታረቀኝ በአባቱ ትከሻ ላይ፣ ድሩ ደግሞ በታረቀኝ ራስ ላይ ሆኖ፣ እንደ ተደራረበ እንስራ ከጨለማው ወጡ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ታረቀኝና እኔ አልተለያየንም፤ እሱም እንደ አባቱ ሸማኔ ሆኖ አረጀ። ሰው ሲያመሰግነኝ በሰማ ቁጥር «የካሴ ድምፅ አዎን ሰው ያመጣል፤ ጅብም ያመጣል» እያለ ሲያሳንሰኝ ኖረ።

ካቻምና ሦስት የወረታ ወጣቶች አንዲት ካሜራ ይዘው መጡ። ዘራፊዎች የገጠር ቤት ገብተው ቤተሰብ የሚፈጁበት የሚያስፈራ ፊልም ሊሠሩ ነው፤ ቤት ግን የላቸውም። የአባቴን ቤት ሰጠኋቸው። ስለ ማሰማትም ነገርኋቸው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ በቀር ማን ይነግራቸዋል? አለቃቸው ዓይኑ በራ። ገዳዮቹ ውሃው ውስጥ ቆመው መንገድ እንደጠፋበት ሰው እንዲጣሩ፣ አባወራው ሲያሰማቸው በድምፁ ተመርተው እንዲመጡ አደረገው። የአባወራው ድምፅ እንደ ጫጩት ቢሆንበት የእኔን ቀድቶ አስገባበት።

ፊልሙ በወረታ ቪዲዮ ቤት ሲታይ የፊተኛው ወንበር ተሰጠኝ። ተመልካቹ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ እዚያው ይፈርዳል።

«ደሙ ቀይ ሥር ነው፤ ሰላጣ ሊሠሩበት ነው እንዴ!»

«እዩት ገዳዩን! ሊያርድ መጥቶ ጫማውን እበር ላይ አወለቀ! የጨዋ ልጅ!»

እውነት ነው፤ ገዳይ ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ ስንቴ ብንነግረው በጭቃ ጫማ የሰው ቤት መግባት እግሩ እንቢ አለው።

«የሽማግሌው ድምፅ ግን፣ እናቴን፣ ጸጉሬ ቆመ!»

«ጥፋቱ የአባትየው ነው። ማን መልስ አለው? አፉን ቢዘጋ ሁሉም በተረፉ!»

በዚህኛው ሁሉም ተስማሙ። እኔ ስለ ድምፁ የተባለውን ብቻ ይዤ ተነሣሁና «የእኔ ነው!» አልሁ፤ አጨበጨቡልኝ። ብዙ ሳይቆይ ፊልሙ በስልክ ተበተነ፤ ልጆች በየመንገዱ «በድምፄ ና!» እያሉ ይሯሯጡበት ጀመር። ታረቀኝም በልጅ ልጁ ስልክ አየውና «አንተ ካሴ፣ በስተርጅና ሰው አሳራጅ ሆንህ?» አለኝ። ይስቅ ነበር፤ ጋቢውን ግን እስከ አገጩ ስቦታል።

ባለፈው ክረምት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሊያቅት ሲል፣ ከውሃው «የምታሰሙ!» የሚል ጥሪ መጣ። ከጎረቤት ግቢ «ፊልሙ ጀመረ!» ብለው ሳቁ፤ በሮች ተራ በተራ ተዘጉ። እኔ ወጥቼ አሮጌው ጉቶ ላይ ቆምሁ፤ ልጄ እጄን ይዞ «አባባ፣ ማንነቱን ሳያውቁ!» ቢለኝ እሱን ገፋሁትና ድምፄን ለቀቅሁት። አልዋሽም፣ እንደ ልጅነቴ ወጣልኝ። በውሃው ላይ ሄዶ ሲመታ ተሰማኝ። ጠሪው ዝም አለ። እንደገና ሲጣራ ጥሪው ከእኔ ርቆ ወደ ጉማራ በኩል ሆነ። ደግሜ ለቀቅሁት፤ ከዚያ ወዲያ የሚጣራ አልተሰማም።

ጧት ከወንዙ ዳር ሾላ ላይ ተጣብቆ ያገኘነው ታረቀኝን ነው። ከወረታ ገበያ ሲመለስ መሽቶበት ኖሯል። ራሱ ላይ የተሸከመው ጋቢ አልረጠበም፤ እሱ ግን እስከ አጥንቱ በርዶታል። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «ድምፄን አልሰማህም?» አልሁት።

«ሰማሁት እንጂ፣ ካሴ» አለኝ፤ ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው። «አንድ ድምፅ ብቻ መለሰልኝ። አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ አልሁ፤ የት እንደማውቀው ሳስብ ትዝ ያለኝ ፊልሙ ነው። ሸሸሁ።»

ሳምንቱን አልሞላም፤ ቁሐር ሚካኤል ቀበርነው።

እንግዲህ የሠራሁትን ልቁጠር። ፊደል ቆጥሬአለሁ። ሞተር አስነሥቻለሁ። ልጆች አሳድጌ ድሬአለሁ። የአባቴን ቤት ሳይዘም አቆይቼዋለሁ። ፊልም ሠርቻለሁ፤ ስሜ መጨረሻው ላይ አለ። የሸማኔውን ልጅ በልጅነቱ ከውሃ አውጥቻለሁ፤ ሽማግሌ ሆኖ ሲሞት ቃሬዛውን በፊት በኩል ተሸክሜአለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ከውሃው ጥሪ በመጣ ጊዜ፣ ሰውየው ከእኔ ሸሽቶ ወደ ወንዙ እንዳይሄድ ብዬ፣ ጉቶው ላይ አፌን ይዤ መቀመጥ ችያለሁ። ይህንንም ያስተማረኝ የለም።