ያልተቆጠርሁበት ክረምት

መተማ ዮሐንስ ያደገ የእኔ ዘመን ሰው ደሴትን አይረሳም። ልጅ እያለሁ የምንኖርበት ሰፈር ነበር። ባሕርም ሐይቅም የለውም፤ ግን ክረምት ሲገባ በግራና በቀኝ ሁለት ጎርፍ ይይዙትና ከከተማው ይቆርጡታል። በበጋ ሁለቱም ደረቅ አሸዋ ስለሆኑ እየሮጥን እንሻገራቸዋለን። ሐምሌ ላይ ግን የወጣ አይገባም፣ የገባም አይወጣም። ስሙም የወጣለት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ የተሰነጣጠቀውን ዋልካ ሲመታው የሚነሣው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ጭቃው እግራችን ላይ እየተለጠፈ ቁመታችንን ይጨምርልን ነበር፤ በዚያ እየተገዳደርን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሱዳን ዘፈን በነፋስ ይመጣል። አባየ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። የምንኖረው በኪራይ በያዝናት አንዲት የሣር ቤት ውስጥ ነው። ከአጥራችን ቀጥሎ እማ ዘሃራ ነበረች፤ ሳሙና፣ ስኳርና የሱዳን ጨርቅ የምትነግድ፣ ቤቷም የራሷ የሆነ ሴት። ከእማየ ጋር እሳት ይጫጫራሉ፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ታበስላለች።

ከዚያ ሰሊጥ ተወደደና ሰው መምጣት ጀመረ። በየዓመቱ ሰው የጫኑ መኪኖች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር እየመጡ የቀን ሠራተኛ ያራግፋሉ። ድሮ አጨዳው ሲያልቅ ይመለስ የነበረው ሰው መቅረት ጀመረ። አንድ ቤት በማዳበሪያ ከረጢት ተከፍሎ ሁለት ቤት ሆነ። በረንዳ ተከራየ፣ ማድቤት ተከራየ፤ አንዱ ጎረቤታችን የፍየሎቹን በረት ጠርጎ ለሦስት ወንዶች አከራየ። እኛ ልጆች አዲስ የጨዋታ ጓደኛ ስላገኘን ደስ ብሎን ነበር። ትልልቆቹ ግን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። አንድ ቀን የቤታችን ባለቤት መጣና፣ ቦታውን ለሰሊጥ ነጋዴ መጋዘን እንደ ሸጠው፣ ሰኔ ሳያልቅ እንድንለቅለት ለአባየ ነገረው።

አባየ በየቀኑ ሥራውን ሲጨርስ ቤት ፍለጋ ይዞራል። ሲመለስ እማየ ፊቱን ታየውና ሳትጠይቀው ውኃ ታቀርብለታለች። በየሄደበት ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ልጅ እንዳለው ነበር። ልጅ ውኃ ይጨርሳል፣ ልጅ ግድግዳ ይቦጭቃል፤ ሦስት ወንደላጤ የቀን ሠራተኞች ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ያድራሉ፣ ቀን ሥራ ላይ ናቸው፣ ኪራዩንም ተካፍለው ይከፍላሉ። እኛ ደግሞ ሦስት ልጆች ነበርን። ማሩ ታላቄ ነው፣ ዙፋን ገና ጡት የምትጠባ ሕፃን፣ እኔ መሐል።

ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስመለስ አባየ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ብርቄ፣ ቤት አግኝተናል» አለኝ። «ከጎርፉ ማዶ፣ እትየ ሽታየ የሚባሉ ሴት ናቸው። ግን ከሁለት ልጅ በላይ አላስገባም ብለዋል። ዛሬ መጥተው ሲያዩን ደግሞ አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። አልቆጠሩሽም።»

«ታዲያ እኔ የት ልሆን?»

«እማ ዘሃራ ዘንድ ታድሪያለሽ። ቀን ቀን እየመጣሽ ከእኛ ጋር ትውያለሽ። እትየ ሽታየ ከጠየቁሽ እናትሽን አክስቴ ናት በይ።»

እማየ ጀርባዋን ሰጥታን የዙፋንን ጨርቅ ታጥፍ ነበር። አንዱን ጨርቅ አጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና ታጥፈዋለች።

«እማየ ማለት አልችልም ማለት ነው?» አልኋት።

«እቴቴ በይኝ» አለችኝ ሳትዞር። «አክስት እቴቴ ነው የምትባል።»

እትየ ሽታየ ባላቸው የሞተባቸው የጎጃም ሴት ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ አምስት ክፍል ያከራያሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይወርድ። ፈርቻቸው ነበር። እሳቸው ግን ገና በሁለተኛው ቀን ጠሩኝና እናቴ የት እንዳለች ጠየቁኝ። ሽንፋ አልሁ። ምን ትሠራለች አሉኝ። ጠላ ትሸጣለች አልሁ። ከዚያ በኋላ ባዩኝ ቁጥር ስለዚያች ሴት ይጠይቁኛል። የሽንፋዋ እናቴ አንድ ቀን እግሯን ታመመች፣ አንድ ቀን ጠላዋ ከፋባት፣ አንድ ቀን በሰው ሻሽ ላከችልኝ። ዋሽቼ ስጨርስ እማየን በዐይኔ እፈልጋታለሁ፤ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ታያለች።

«እናትሽ አትናፍቅሽም?» አሉኝ አንድ ቀን እትየ ሽታየ።

«ትናፍቀኛለች» አልሁ። ይኼ ውሸት አልነበረም። እማየ ሽንኩርቷን ትታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ሲመሽ ገና ያልሞላውን ጎርፍ ተሻግሬ ወደ እማ ዘሃራ እመለሳለሁ። እማ ዘሃራ አላጎደለችብኝም፤ ከልጆቿ መሐል አስተኝታ ከልጆቿ እኩል ታበላኛለች። ግን አያቴ እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ጨርቅ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበርና በልቤ ቀን እቆጥር ነበር። ጨርቅ የምሆነው መቼ ይሆን እያልሁ ሳህን ለማጠብ እሻማለሁ፣ ሳልታዘዝ እጠርጋለሁ። እንዳትጠላኝ የምበላውን አሳንስ ነበር። እማ ዘሃራ ነቅታብኝ፣ «ልጄ፣ የምትበይው ያንቺ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን አላመንኋትም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ጠዋት ስነሣ ሁለቱም ጎርፍ ሞልተው ግንድ ያንከባልላሉ። ደሴት ደሴት ሆነ። ወደ ዳሩ ወረድሁ። ወዲያ ማዶ እማየ ዙፋንን አዝላ ቆማለች፣ አጠገቧ እትየ ሽታየ ጆንያ ተከናንበው ውኃውን ያያሉ። እማየ እጇን አነሣች። አፏ ሲከፈት አየሁ። «ልጄ» ልትል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ብርቄ» ብላ ብቻ ጮኸች። «ወደ ኋላ ተመለሽ።»

በማግስቱ ትኩሳት ያዘኝ። መጀመሪያ ብርድ ነው፤ በዚያ ሙቀት እማ ዘሃራ ያላትን ጨርቅ ሁሉ አልብሳኝ ጥርሴ ይጋጭ ነበር። ቀጥሎ እሳት። የቆላ ልጅ ወባን ያውቀዋል፤ የሚያስፈራው ጤና ጣቢያው ከጎርፉ ማዶ መሆኑ ነበር። በዚያው ሳምንት ደሴት ውስጥ አንድ የቀን ሠራተኛ እንዲሁ እንደ ተኛ ሞቶ ነበር፤ ሰዎች በር ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እማ ዘሃራ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እየነካካች ዱዓ ታደርጋለች፣ በመሐል ወደ ዳሩ ሮጣ የውኃውን ልክ አይታ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ስነቃ ለብቻዋ፣ «የሰው አደራ ነው፣ ያረቢ፣ የሰው አደራ» ስትል ሰማኋት።

በአራተኛው ቀን ውኃው ደረት ድረስ ሲወርድ አራት የጭነት ሠራተኞች በገመድ አልጋ ላይ አስተኝተውኝ፣ አልጋውን በትከሻቸው ተሸክመው ገቡበት። እማ ዘሃራ ቀሚሷን ሰብስባ ጎን ለጎን እየተራመደች «ቀስ፣ ቀስ» ትላቸዋለች። ከበታቼ ውኃው ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ማዶው ሲቀርብ ሳይ አንዲት ሴት ውኃው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ እጇን ዘርግታ ትመጣለች።

«እማየ!» ብዬ ጮህሁ።

ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። እማየ አቀፈችኝና፣ «ወዬ ልጄ፣ ወዬ» ማለት ጀመረች። ማቆም አልቻለችም።

ከጤና ጣቢያ ስንመለስ እትየ ሽታየ በራችን ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ።

«የእኔ ናት፣ እትየ» አለ አባየ። «ይቅር ይበሉኝ። ቤት አጥተን ነው።»

«ለምን ዋሻችሁኝ?»

«እውነቱን ብነግርዎ ያስገቡን ነበር?»

እትየ ሽታየ እኔን አዩ፣ ግቢያቸውን አዩ፣ በየበሩ ቆመው የሚያዳምጡትን ተከራዮች አዩ።

«አላስገባችሁም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሽንት ቤቱ ለስድስት ሰው የተቆፈረ ነው፣ አሁን ሃያ ሰው ይጠቀምበታል። የውኃ ጉድጓዱ በበጋ ገና ጠዋት ይደርቃል። እኔ አንዲት ሴት ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ደግሞም፣ «እኔ እኮ ለዚያች ለሽንፋዋ ሴት ስጸልይላት ነበር» አሉ። ያን ጊዜ እማየ አለቀሰች። «ልጅቱ ትግባ። መስከረም ሲጠባ ግን ሌላ ቤት ፈልጉ» አሉ እትየ ሽታየ።

እስክድን ድረስ በየማለዳው አጥሚት አፍልተው ራሳቸው ያመጡልኝ ነበር፤ እጄን ይዘው እስክጨርስ አይሄዱም። መስከረም ሲጠባም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ወጣን። ከዚያ በኋላ አምስት ቤት ቀያይረናል። አባየ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ክረምት ሲያነሣ እንደ ቀልድ አድርጎ ነበር። «ብርቄ ትምህርት ስትወድ ቤት አመለጣት» እያለ ሰው ያስቅ ነበር።

አሁን እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ እማየም ከእኛ ጋር ናት። ደሴት ድልድይ ተሠርቶለታል፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተነካክቶ መሬቱ አይታይም፤ ሰኞ ማክሰኞ የምናሰምርበት ባዶ ቦታ የለም። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ሰው በእግሩም በመኪናም ተሻግሮ መጥቷል፣ ከደጋው የሸሸም አለ። ሰው በዛ ብዬ ማማረር አልችልም፤ እኛም የመጣን ነን። ግን የምንኖርበት ቤት ኪራይ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ጨመረ፣ አሁን ደግሞ ቤቱን ሌላ ሰው ይፈልገዋል ተባልን። የነገረን ደላላ ነው፣ በስልክ። የቤቱን ባለቤት በዐይናችን አይተነው አናውቅም። እትየ ሽታየ ውጡ ሲሉን ፊታችን ቆመው ነበር፤ እኛም ምን እንዳስጨነቃቸው ፊታቸው ላይ አይተናል። ዛሬ የሚለመን ፊት እንኳ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከእማየ ጋር ጎመን እየቀነጠስን ያ ክረምት ተነሣ።

«እማየ» አልኋት፣ «ያን ቀን ትምህርት ቤት ባልሄድ ኖሮ ማንን ትተዉ ነበር?»

እጇ ቆመ። ጎመኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ትምህርት ቤት ስለሄድሽ አይደለም፣ ልጄ» አለችኝ። «ከዚያ በፊት ከአባትሽ ጋር ተነጋግረንበት ነበር። ዙፋን ጡት አልጣለችም። የማሩ ደረት አይታመንም። ሴትዮዋን አንቺ በሌለሽበት ሰዓት ያመጣናቸው እኛ ነን።» ጎመኑን እንደገና አነሣችው። «አንቺ ጠንካራ ነበርሽ። ጠንካራ መሆንሽ ጎዳሽ።»

አልተቆጣሁም። እጇን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚያ ሥራችንን ጨረስን።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ክፍል ቤት አለ ተብሎ ሊያይ ሄደ። ደላላው መጀመሪያ የጠየቀው ስንት ልጅ እንዳለን ነው። ልጆቼ ቁርስ ላይ ናቸው። ትልቁ ጉንፋን ይዞታል፣ ሻዩን እየነፋ ቀስ ብሎ ይጠጣል። ታናሿ ዳቦዋን ጨርሳ የወንድሟን ትቀማዋለች፣ እየሣቀች፣ አፏን ሞልታ። አየኋትና፣ ይቺ ትችለዋለች አልሁ በልቤ።

ያልሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ካልሁት በኋላ ነው። ተነሥቼ ሄጄ አቀፍኋት። ልጅቱ ግራ ገብቷት የቀማችውን ዳቦ ደበቀችብኝ።