ሦስት ወር በባህር ውሃ

ከወደቡ ጀርባ ባለው ማተሚያ ቤት ይህን ሰው በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው መታወቂያው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ሦስት ወር ይለዋል። ለአለቃው ሦስት ወር ነው፣ ለዘበኛውና ለወጣቶቹ ጋሼ ሦስት ወር ነው።

ስሙን ያመጣበት የገዛ አፉ ነው። አንዱ አዲስ ጫማ አድርጎ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ሶሉን ይመረምርና "ሦስት ወር ባህር ውስጥ ይቆያል?" ይላል። ሌላዋ እጮኛ አገኘሁ ብላ ስታበስር "ሦስት ወር ይለፈው፣ ከዚያ እናጨበጭባለን" ይላታል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቀልዱ ያው አንድ ነው። ሰዎቹም አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይስቁለታል፣ ስለሚወዱትና ስለሚያከብሩት።

ማተሚያ ቤቱ የቀን መቁጠሪያም ደረሰኝም ያትማል። ዋና መተዳደሪያው ግን በመርከብ የሚጓዙ አደገኛ ኬሚካሎች በርሜል ላይ የሚለጠፉት ምልክቶች ናቸው። ተቀጣጣይ ለሆነው እሳት፣ ለመርዙ የራስ ቅል ይታተማል። ሥጋ ለሚበላው ፈሳሽ ደግሞ ጠብታ የወረደበት እጅ አለ፣ ባህር ለሚበክለው የሞተ ዓሣና ቅጠል የሌለው ዛፍ። የባህር ጭነት ደንብ ስለነዚህ ምልክቶች አንድ ነገር ያዛል፦ ሦስት ወር የባህር ውሃ ውስጥ ቢቆዩም መልቀቅ ወይም መደብዘዝ የለባቸውም። ይህን የሚፈትነው እሱ ነው። ከማተሚያው ክፍል ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሳፋዎች አሉት። ምልክት የተለጠፈባቸውን የበርሜል ቁራጮች እዚያ ይዘፈዝፋል፣ በየሁለት ሳምንቱ ውሃውን ይለውጣል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ውሃውን በሁለት ጀሪካን ተሸክሞ የሚያመጣው ከባህሩ ነው፣ ሃያ ደቂቃ መሄጃ፣ ሃያ ደቂቃ መመለሻ። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት "ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ" ይላል፣ እውነቱን ነው።

አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ግን ቀልዱን ይተዋል። ምልክቱን በጣቱ እየነካ ለማን እንደሆነ ያስረዳል። ለጫኚው አይደለም፣ እሱ ወረቀት አለው። ለመርከበኛውም አይደለም፣ እሱ ተምሯል። በርሜሉ አንድ ቀን ከመርከብ ወድቆ፣ ተንሳፍፎ ተንሳፍፎ የማናውቀው ሰው ደጃፍ ሲደርስ፣ ያ ሰው እንዳይነካው ነው። "የምንሠራው ለማናውቀው ሰው ነው" ይላል መጨረሻ ላይ። ይህን አባባል የወደብ ጽሕፈት ቤት ወጣቶች ሥልጠና ላይ ሰምተውት በትልቁ ጽፈው ግድግዳቸው ላይ ለጥፈውታል።

ይህን ሰው ያሳደገችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት፣ እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ እያጠበች፣ ከቦኖ ውሃ እየተሸከመች አስተማረችው። ራሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም። አሁንም ከወደቡ ማዶ፣ ባህሩ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት ትኖራለች፣ አሁንም የሰው ልብስ ታጥባለች። እሱ ይህን ሥራ ሲይዝ ከየምልክቱ አንዳንድ ወስዶ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈላትና አንድ በአንድ አስጠናት። ማንበብ ለማይችል ሰው ነው ሥዕል የሆነው ሲላት ደስ አላት። ጠብታ የሚወርድበትን እጅ ስታይ "ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው ምስኪን?" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ቀጥላም ምልክት የሌለበት በርሜል ባገኝስ ስትል ጠየቀችው።

"ምልክት ከሌለው አትፍሪ፣ እታለም" አላት። "አደገኛ ነገር ያለ ምልክት ባህር ላይ አይወጣም። እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ተቀመጥኩ?"

እሷም ይህችን ቃል እንደ ጸሎት ያዘቻት። ለጎረቤቶቿ ሁሉ፣ የኔ ወንድም ምልክት ከሌለው አደጋ የለውም ካለ የለውም ማለት ነው እያለች ታወራ ነበር።

እንግዲህ ወደማይወራው ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት፣ ነፋሱ በበረታበት ሰሞን፣ ማተሚያ ቤቱ አዲስ ኮላ አስመጣ። አለቃው ቶሎ ይፈተን አለ። ሦስት ወር ያን ቀን ጉልበቱ አብጦ ነበር። ጀሪካኖቹን ይዞ እስከ ዋናው በር ሄደ፣ ነፋሱ ኮቱን ሲገልብበት ቆመ፣ ወደ ባህሩ የሚወርደውን የድንጋይ ደረጃ አሰበው፣ ተመለሰ። ከሻይ ክበቡ ቧንቧ እስከ ክፍሉ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ውሃ ያው ውሃ ነው አለ ለራሱ። ሳፋውን ከቧንቧ ሞላው። ቆይቶ ደግሞ ሕሊናው ጎረበጠውና ከሻይ ክበቡ ሁለት እፍኝ የገበታ ጨው አምጥቶ በተነበት፣ በእጁም አማሰለው። በዚያው ጨው ዓይኑንም ሳይታጠብ አልቀረም፣ መዝገቡን ገልጦ "የባህር ውሃ" ብሎ ጻፈ።

ነገ እለውጠዋለሁ ብሎ ነበር። ነገ የራሱ ነገ አለው። ከሁለት ሳምንት በኋላም ከቧንቧ ቀዳ፣ እንደገና "የባህር ውሃ" ብሎ ጻፈ። እንዲህ ስድስት ጊዜ ጻፈ። ጉልበቱ በሁለተኛው ወር ድኖ ነበር፣ ይህን እሱም አይክድም፣ እኔም አልደብቅለትም። ጉልበቱ ሲድን ስንፍናው ለምዶ ነበር። ሦስቱ ወር ሲሞላ ምልክቶቹ እንዳማረባቸው ወጡ፣ አልፏል ብሎ ፈረመ፣ ረሳውም።

ከዘጠኝ ወር በኋላ አንድ መርከብ ወደቡ አጠገብ ማዕበል መታውና አሥራ አንድ ሰማያዊ በርሜሎች ከጀርባው ተበጥሰው ባህር ገቡ። ውስጣቸው ከውሃ የሚቀል፣ ሥጋ የሚበላ የፋብሪካ ፈሳሽ ነበር። አራቱን የወደቡ ጀልባ በማግስቱ ለቀማቸው፣ ምልክታቸውም እንደተለጠፈ ነበር። ለተቀሩት ሰባቱ በሬዲዮ ማስታወቂያ ይነገር ተባለና ምልክቱ ምን እንደሚመስል ለማተሚያ ቤቱ ተደወለ። አለቃው ስልኩን ለሦስት ወር ሰጠው። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከላይ ነጭ፣ ከታች ጥቁር፣ ነጩ ላይ ጠብታ የሚወርድበት እጅ፣ ይህን ምልክት ያየ እንዳይነካ፣ እያለ አጻፋቸው። ማታ ቃሉ እንዳለ በሬዲዮ ሲነበብ ሰማ። ያን ዕለት ኮራ፣ አሁን የሚያሳፍረው አንዱ ያ ኩራት ነው።

ወር ሞላው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእህቱ ጎረቤት ደወለችለት። እጇን ተቃጥላ ሐኪም ቤት አድራ አሁን ቤቷ ገብታለች አለችው። በሩጫ ሄደ። እህቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለት እጆቿ እስከ ክርን በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው ጭኗ ላይ ተጋድመዋል። መድኃኒቱ አፍዝዟት ስለነበር ነገሩን የተረከችለት ጎረቤቷ ናት። ማዕበሉ ዳር ያወጣውን በርሜል አግኝታ ዙሪያውን እያገላበጠች ምልክት ፈለገች። ሬዲዮው የተናገረውን ታውቃለች፣ የግድግዳዋንም ታውቃለች። ምንም አልነበረበትም። ለማጠቢያ ውሃ መያዣ ይሆነኛል ብላ አንከባልላ አመጣችው፣ የውስጡን ዳር ላይ ደፋችው፣ እጇን አስገብታ አለቀለቀችው። ስትጮህ ሰው ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ድንጋዮቹ ሥር ጥቃቅን ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈው ታዩ። ሐኪሙ ቆዳው ይመለሳል፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን ላይታጠፉ ይችላሉ፣ የልብስ አጠባውን ነገር እርሺው ብሏታል።

ሦስት ወር ወደ ጓሮ ወጣ። በርሜሉ አጥሩ ሥር ተጋድሟል። ሆዱ ላይ ከሌላው ፈዘዝ ያለ፣ በአንድ ጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ይታያል፣ ምልክት ተለጥፎበት የነበረ ቦታ። በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው የቀረው ኮላ እንደ ታኘከ ማስቲካ ተጠቅልሎ ወጣ። ያን ኮላ ያውቀዋል። የእህቱ መዘፍዘፊያ ላይ ቁጭ አለ።

ማንም አያውቅም። መዝገቡ ስድስት ጊዜ የባህር ውሃ ይላል። ማዕበሉ ቀዶት ነው ይባላል፣ ያልፋል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ አሰበ፣ ማሰቡም አሳፈረው። ግን ስድስት በርሜሎች ገና ባህር ላይ ናቸው። ምልክታቸው ለቋል። ሬዲዮው ደግሞ በእሱ ቃል፣ ምልክት ያለበትን ፍሩ እያለ ነው። ምልክት የሌለበትን ያገኘ ሰው እንደ እህቱ ደስ ብሎት ያንከባልለዋል። ዝም ካለ ስሙ ይተርፋል፣ የሌላ ሰው እጅ ግን አይተርፍም።

ተነስቶ ወደብ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ተረኛው ከሥልጠናው ልጆች አንዱ ነበር፣ ጋሼ ሦስት ወር ብሎ ብድግ አለለት። ነገሩን ቆሞ ነገረው፣ የቧንቧውን ውሃ፣ ጨውን፣ መዝገቡን። ተረኛው አልተቆጣውም። ጀርባው ያለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍም ዞሮ አላየም። ወረቀት ሳበና፣ አንገቱን ሳያቀና፣ "ሙሉ ስም?" አለው። ሦስት ወር ስሙን ሲናገር ድምፁ ለራሱ ባዕድ ሆነበት።

አለቃውንም ከዚያው በስልክ ነገረው። አለቃው ሰኞ መዝገቡን ይዘህ ና ብሎ ዘጋ። ይህ ሁሉ ከባድ ነበር፣ ቢሆንም ተወጣው። ለእህቱ መንገሩን ግን አልቻለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ለመንግሥት ተናግሬአለሁ፣ እሷ ባታውቅስ ምን ይጎዳል እያለ ራሱን እያባበለ ሾርባ ይዞ ተመለሰ።

አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ በማንኪያ ሲያጎርሳት ነቃ ብላ ነበር። ዓይን ዓይኑን አላየችውም። አፍራለች። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለመነችው።

"መሥሪያ ቤትህ እንዳትናገር፣ የኔ ልጅ። የሦስት ወር እህት ምልክት ማየት አቃታት ይሉሃል። ዓይኔ ነው፣ ደክሟል። ያንተ ምልክት እዚያው እያለ እኔ ነኝ ያላየሁት።"

ማንኪያው እጁ ላይ ቆመ። አንድ ማንኪያ አጎረሳት፣ ሌላ ደገማት። እሷ ይቅርታ እየጠየቀችው እሱ ያጎርሳታል። በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት የተዋረደበት ጊዜ የለም።

ለዜና ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር። ከዜናው በፊት ማስታወቂያው መጣ። ምልክቶቹ የለቀቁ መሆናቸው ስለተረጋገጠ ማንኛውንም ሰማያዊ በርሜል፣ ምልክት ኖረው አልኖረው፣ አትንኩ አለ።

እህቱ ከትራሷ ቀና አለች። "ውሸታሞች" አለች ለሬዲዮው። "የኔ ወንድም ያሳለፈው ምልክት አይለቅም። ሄደህ አስተባብል እንጂ፣ ስምህን እያጠፉ ዝም ትላለህ?"

ያኔ ሳህኑን መሬት አስቀመጠና ነገራት። "እኔ ነኝ የነገርኳቸው፣ እታለም። ለቋል። ዓይንሽ ደህና ነው። በባህር ውሃ መፈተን ነበረብኝ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ በቧንቧ ውሃ ፈተንኩት። ሦስት ወር ሙሉ ዋሸሁ።"

እስክትሰድበው ጠበቀ። ብትሰድበው፣ ምራቋን ብትተፋበት ይቀለው ነበር። እሷ ግን ፋሻዎቿን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን የእጅ ሥዕል አየች፣ መልሳ እሱን አየችው። እንዳልገባት ሰው ግንባሯን ቋጠረች።

"ባህሩ እኮ እዚህ ደጄ ነው" አለችው። "ጉልበቴን አሞኛል ብለህ ብትልክብኝ፣ እኔ እቀዳልህ አልነበር?"