ልጄ ሰናይት አራሶችን የምትጠይቀው ጥያቄ

ውሸት ነው በሉኝ። ሰናይቴ ዛሬ ጠዋት ሞተች ብዬ በገዛ እጄ እየጻፍኩ አላምነውም። በሩ ሲንኳኳ አሁንም እሷ ትመስለኛለች፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ "እማዬ፣ የሚበላ አለ?" እያለች።

ለማታውቋት፣ ልጄ እዚሁ የካ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት እንጦጦ ዳገት ላይ እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች ቤት ናት፣ ከሰዓት መገናኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። የትም ትግባ፣ ሕፃኑን ትስመውና ወደ እናቲቱ ዞር ብላ "ልጁን አየሁት፣ ደህና ነው። አንቺስ?" ትላለች። ያችን "አንቺስ" ሲሰሙ የሚያለቅሱ ነበሩ። የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እንጦጦ ፀበል ስወጣ አብሬያት እማማ አስካለ ቤት ገባሁ። ምራታቸው የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ተኝታለች። ሰናይት የደም ግፊቷን ልለካ ስትል እማማ አስካለ በሩ ላይ ቆሙ።

"ራስሽ ያልወለድሽ፣ ምኑን ታውቂዋለሽ?"

"እሳት የሚያጠፋ ሰውስ መጀመሪያ የራሱ ቤት መቃጠል አለበት እንዴ፣ እማማ?"

ሳቁና አሳለፏት።

ዳገቱን ስንወርድ እንዲህ አለችኝ፦ "ሰው ማርያም ማረችሽ ብሎ ይሄዳል። ልጁ ስለወጣ ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ነው የምፈራው።"

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰናይት ራሷ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ልትታረስ እኔ ቤት መጣች። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ራሴን እየፈለጠኝ ነው። ዓይኔም ብዥ ብሎብኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴን ልለካ።"

"ምች ነው። ትናንት ሻሽ ሳታስሪ በረንዳ ላይ ወጥተሽ፣ መች ትሰሚኛለሽ!"

"ምች አይደለም፣ እማዬ።"

"አራስ ልጇን በስድስት ቀኗ ፀሐይ ላይ አወጣቻት ልባል? ተኚ።"

ዳማከሴ አሽቼ ግንባሯን ቀባኋት። "እሺ እማዬ" አለች።

የየካን አማት ሁሉ ስትከራከር የኖረች ልጅ እኔን አልተከራከረችኝም።

ከዚያ ጠያቂ መጣ፣ ቤቱ ሞላ። እኔ ሕፃኑን ታቅፌ አፍንጫው የማን እንደሆነ አሳያለሁ። ከመኝታ ቤት አንድ ጊዜ "እማዬ" አለች። "መጣሁ" አልኳት። አልሄድኩም። የሕፃኑን እጅ እያሳየሁ ነበር።

ቀድማ የገባችው ጎረቤቴ ናት። ስትጮህ ሮጥኩ። ልጄ ጥርሷን ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። መገናኛ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው አልንቀሳቀስ ሲል እግሯን ይዤ አምላኬን እለምን ነበር። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆየች፤ ግን ዓይኗን አልገለጠችም። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው፣ ከወለዱ በኋላም ይመጣል አለኝ። እሷ ነግራኝ ነበር።

ዛሬ ድንኳኑ ሲተከል እማማ አስካለ ከእንጦጦ በእግራቸው ወርደው መጡ። አልቅሰው ሲያበቁ "ምራቴም ልትመጣ ነበር፣ ሁለተኛዋን ወልዳ አስራ አንድ ቀኗ ነው። ደሞ ምች መትቷት ራሷን ይዛ ተኝታለች" አሉኝ።

ከፍራሹ ተነሳሁ። "ፊቷ አብጧል?"

"ገንፎው ተስማምቷት ነው እንጂ።"

ነጠላቸውን ያዝኩ። "አሁኑኑ ትውጣ! አሁን!"

"ኧረ አስቀምጧት፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ" አሉ ሰዎች።

"እማማ፣ የኔንም ምች ነው ብዬ ነው ያጣኋት!" ብዬ ጮህኩ። የእድራችን ሊቀመንበር የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ፤ እማማ አስካለን ይዘው ዳገቱን ወጡ።

ይህን ቀስ እያልኩ የጻፍኩት ስልኩን እየጠበቅሁ ነው። አሁን ደወሉ። ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል፣ አስተኝተው መድኃኒት ጀምረውላታል። ገና ነው፣ ግን ታወራለች አሉኝ።

ቤታችሁ አራስ ካለች፣ ይህን አንብባችሁ ለኔ "ነፍስ ይማር" ከመጻፋችሁ በፊት ተነስታችሁ ግቡና ጠይቋት። ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔ ብዥ አለ ካለቻችሁ ይዛችኋት ውጡ። ፀሐይም ይሁን፣ ዝናብም ይሁን። ሰው ያለውን ይበል።

ሰናይቴ፣ ነገ አፈር ልናለብስሽ ነው። ስትጠሪኝ አልመጣሁም፤ ይቅር በይኝ። ደህና ሁኚ፣ የኔ እናት። ባልሽ ጡጦ እየሰጠው ነው፣ አሁን ያዘለት። ልጁን አየሁት፣ ደህና ነው።

አንቺስ?