ከረጢት ላይ የተፈለፈለው ጫጩት

ልጅ ሳለሁ፣ ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ በቀረበበት ሰሞን፣ አያቴ አባባ የሚነግሩንን ተረት እየወደድኩት እፈራው ነበር። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ አባባ የታመመ ጉልበታቸውን ዘርግተው ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ኩራዟ ታጨሳለች፤ ያኔ ድርቅ ከአርዲቦ ሐይቅ አፈናቅሏቸው ወደ እኛ ሐይቅ ስለሚሰደዱ እንስሳት፣ ከሁሉም ኋላ ስለምትቀረው አንካሳ ሚዳቋና አድፍጦ ስለሚጠብቃት ጅብ በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ ያወሩልናል። ከአምባሰል በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ዝም ይሉና፣ ጋብ ሲል ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሚዳቋዋ ማን እንደሆነች ለእኔ ግልጽ ነበር። አባቴ ለእናቴ «እስከ ደሴ በእግር ነው። አባባ በዚህ ጉልበታቸው እንዴት ይሆናሉ?» ሲላት ሰምቻለሁ። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ዕቃ መሸከፏን ቀጠለች፤ ያ ከመድፉ በላይ አስፈራኝ።

በዚያው ሰሞን ዶሮ አስታቅፈን ነበር። ለስደቱ ዕቃ ስንሸክፍ የዶሮዋ ቅርጫት ስለተፈለገ፣ እንቁላሎቹን ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያዛወርኳቸው እኔ ነኝ። ጭድ ላንጥፍበት አላልኩም። ከረጢቱ ያንሸራትታል፤ ሲፈለፈሉ ሌሎቹ ጫጩቶች እንደምንም ቆሙ፣ የመጨረሻው ጫጩት ግን እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው በሆዱ ተለጠፈ።

አባባ አልተቆጡኝም። ከጥምጣማቸው ጫፍ ቀጭን ብጣሽ ቀደው ሁለቱን እግሮች አቀራርበው አሰሩለትና ጭድ ላይ አኖሩት።

«እስከ ጁምዓ እንየው» አሉ። «ከበላና ከጠጣ ይነሳል። እምቢ ካለ ግን ማሰቃየት ወንጀል ነው፤ ቶሎ እናሳርፈዋለን። የእኔ ዓይን ደክሟል፣ አንቺ እያየሽ ንገሪኝ።»

ማሳረፍ ማለት መግደል መሆኑ ገብቶኛል። መራመድ ያልቻለ ሁሉ የሚያርፍ ከሆነ፣ የምንወጣ ቀን አባባስ? ስለዚህ በየቀኑ ከዙሁር ሶላት በኋላ «በላ?» ሲሉኝ «በላ አባባ» እላቸው ነበር። አልበላም። ውሃ በጣቴ ጫፍ ሳቀርብለት ምንቃሩን አይከፍትም፤ ወንድሞቹ ጀርባውን እየነቆሩ አቆሰሉት። እኔ ቁስሉን አመድ ነስንሼ ሸፈንኩት፤ ዋናው ነገር ጫጩቱ በሕይወት መኖሩ ነበር።

ጁምዓ ዕለት አባባ ጫጩቱን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ደረቱን ዳሰሱት። ጣታቸው ቁስሉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ስንት ቀን ሆነው ሳይበላ?»

«ሦስት» አልኩ።

ፊቴን እንዳዞር አዘዙኝ። ቢስሚላህ ሲሉ ሰማሁ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ለእሱ ፈርተሽ ነው የዋሸሽኝ?»

«ለአንቱ ነው» አልኩና አባቴ ያለውን እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

ፍሙን በእንጨት ነካ ነካ አደረጉ።

«እኔ ካመመኝ እናገራለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ውሰዱኝም እላለሁ፣ ተውኝም እላለሁ። እሱ ምላስ የለውም። አፉ አንቺ ነበርሽ።»

ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ብዙም ሳንቆይ ከሐይቅ ወጣን፤ አባባን አባቴና ጎረቤቶቻችን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በቃሬዛ እየተፈራረቁ ተሸክመው ደሴ አደረሷቸው። ተረቱ የት ላይ እንደቀረ እንኳ ዛሬ በደንብ አላስታውስም፤ አባባን ትተናቸው እንሄዳለን ብዬ የፈራሁትም ሳይደርስ ቀረ። የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነው፤ ያን ጫጩት ሦስት ቀን በረሃብ ያሰቃየሁት እየወደድኩት ነው።