የጎረቤቴ ልጅ እርምጃ

በጣሊያን ጊዜ ደሴ ከፒያሳ ዝቅ ብለን ስንኖር ከጎረቤቴ ጋር ያቀራረበን የልጆቻችን እግር ነበር። የእሷ ወንድ፣ የእኔ ሴት፤ ሁለቱም አምስት ዓመት ሞልቷቸው መሄድ አልቻሉም። ደግፈን ስናቆማቸው ተረከዛቸው መሬት አይነካም፤ እግራቸውም እንደ መቀስ ይጠላለፋል። እኔ ልጄን ጠበል ስወስድ እሷም ልጇን አዝላ ትከተለኛለች፤ እሷ ሼኾቹ ዘንድ ዱዓ ስታስደርግ እኔም ከኋላዋ አለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ የሚያጽናናኝ ጠበሉም ዱዓውም አልነበረም። የእሷም ልጅ አለመሄዱ ነበር።

የባሏ ወንድም ኮምቦልቻ፣ የጭነት መኪና በሚጠገንበት ጋራዥ ይሠራ ነበር። አንድ ሐኪም ልጁን አይቶ፣ «ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ብሎ ካልተያዘ ተረከዙ አይረግጥም» አለና እንዴት እንደሚያዝ በወረቀት ስሎ ሰጣቸው። አጎትየው ያንን እያየ ከቀጭን ብረትና ከቆዳ ጫማ መደገፊያ ሠራለት።

አንድ ጠዋት ከግቢዋ ተጣራች። «እህቴ፣ ነይ እይልኝ!»

ስደርስ ልጁ አጥሩን ይዞ ቆሟል። ተረከዙ መሬት ረግጧል። አጥሩን ለቀቀና ስድስት ጊዜ ተራምዶ እናቱ ጉያ ገባ።

«አልሐምዱሊላህ!» እያለች ታለቅሳለች።

እኔም «እሰይ፣ እሰይ» አልኩ። ቤቴ ገብቼ ልጄን ሳያት ግን ፊቷ እንኳ አስጠላኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ስወርድ በጎረቤቴ ደጅ ማለፍ ትቼ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ራሷ መጣች። «ምነው ጠፋሽ?» አለችና ከነጠላዋ ሥር እንደ ልጇ ያለ ባለ ብረት ጫማ አወጣች። ለካ ገና ሳልርቃት፣ ልጄን እሷ ዘንድ ትቼ ገበያ በወጣሁ ቀን፣ እግሯን በክር ለክታ ኮምቦልቻ ልካ ኖሯል።

አጠለቅንላት። ቆመች፤ ተረከዟም ረገጠ። ግን ጉልበቷ እየታጠፈ እርምጃ እምቢ አላት። በሳምንቱም፣ በወሩም ያው። ያን ጊዜ ክፉ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ለልጅሽ ደህናውን አሠርተሽ ለእኔ ትራፊውን ነው ያመጣሽልኝ!»

ልጇን አምጥታ ባለ ብረቱን ጫማ ከእግሩ ላይ ፈታችው። «ወላሂ፣ እንደዚያ ከመሰለሽ እንቺ፣ ይሄን አድርጊላት።»

አደረግሁላት። ልጄ እንደ ቀድሞው እጥፍ አለች። ልጁ ደግሞ እኛን ለማየት ሲንጠራራ በጣቶቹ ጫፍ ተነሳና በአፍጢሙ ተደፋ። ከንፈሩ ደማ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«አፉ በይኝ» አልኳት።

«አብሽሪ» አለችኝ። «ያንቺ ሄዳ የእኔ ቢቀር፣ እኔም ከዚህ የባሰ እናገር ነበር።»

ልጄ ብቻዋን ሄዳ አታውቅም። ብረቱን ስታጠልቅ ግን ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ ከፍ ስትልም እኔ መሬት ስቀመጥ ከኋላዬ ቆማ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ግን ዋሽቻለሁ። ልጁ አድጎ፣ እያነከሰም ቢሆን፣ አጎቱ ዘንድ ሥራ ሊገባ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ እናቱ ደጃፏ ላይ ቆማ አለቀሰች። አቅፌ አጽናናኋት። እንደ ሌላው እናት ልጇን ሸኝታ ማልቀሷ ግን፣ እሱም ራሱ፣ አስቀናኝ።