አይቡን ያሸው እጅ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። እስካሁን ጎረቤላ ገበያ ስወጣ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ።

የእህቴ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ጎመን በአይቡን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። በሰፈራችን ድግስ ያለእኔ አይሞከርም ነበር፤ እኔም በዚህ ስኮራ ለጉድ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንግዶቹ አንድ በአንድ በታይፎይድ ተኙ። የክርስትና አባቱማ ደብረ ብርሃን ተወስዶ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው አይቡን በሸጡልን በእትዬ ዘሃራ ላይ ነው። ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው የሚመጡ ባልቴት ናቸው። "እኔማ አይቡ ገና ሳየው አላማረኝም ነበር" እያልኩ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ገበያቸው ቀጥ አለ።

የጤና ሰዎች መጥተው የታመሙትንም፣ ድግሱን የሠራነውንም፣ እትዬ ዘሃራንም መረመሩ። የሰገራ ናሙናዬን የሰጠሁት እየሳቅኩ ነው፤ ራሴን እንኳ አላመመኝማ! ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ።

ውጤቱ ሲመጣ አንዲት ወጣት ሐኪም ለብቻዬ ጠራችኝ።

"የበሽተኞቹ ባክቴሪያ ዘሩ ሲመረመር እርስዎ ላይ ከተገኘው ጋር አንድ ነው። እትዬ ዘሃራ ላይ ምንም የለም" አለችኝ።

ከዓመታት በፊት ታይፎይድ ይዞኝ ነበር። ለካ እኔ ስድን እሱ ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። አይቡን ደግሞ በእጄ ነው ያሸሁት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ለማንም አንናገርም፣ ምስጢርዎ ነው" ስትለኝ ይባስ ጨነቀኝ። እነሱም እኔም ዝም ካልን የእትዬ ዘሃራን ስም ማን ያጠራል?

በገበያው ቀን ሄድኩ። አይባቸው ሳይነካ ፊታቸው ተቀምጧል። ሴቶቹ እየሰሙ "እሳቸው የሉበትም፤ በሽታው የመጣው ከእኔ ነው" አልኩ። አጠገቤ የነበሩት ፈቀቅ አሉ።

"ወላሂ፣ ላሚቱን ልሸጣት ነበር" አሉ እትዬ ዘሃራ።

መድኃኒቱን ጨርሼ፣ ደጋግሜ ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተባልኩ። ድግስ ላይ ግን አሁን እንጨት ነው የማቀብለው።

ባለፈው ሰሞን በገበያው ሳልፍ እትዬ ዘሃራ ጠሩኝ። "ነይ እንጂ ልጄ፣ መዳፍሽን ዘርጊ" አሉኝ። ሰው ሁሉ እያየ እጄን ከነጠላው አውጥተው አይብ አደረጉበት። ቀመስኩ።

"የዛሬውስ አማረሽ?" አሉኝ።

ለካ ያልኩትን ሁሉ ሰምተው ኖሯል። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ በእፍረት ይቃጠላል።